ከሲታክ ኦበርን፦ የጋሽ መኮንን መንጃ ፈቃድ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከምንኖርባት ከተማ ከሲታክ ተነሳን። መሪውን የያዝኩት እኔ ብሆንም አጎቴ ጋሽ መኮንን ከጎኔ ተቀምጠው እግራቸው ስር የሌለ ፍሬን ይረግጣሉ። ሠላሳ ዓመት የጅማን አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። በዲቪ መጥተው እኔ ዘንድ ሲያርፉ፣ የአገር ቤቱ መንጃ ፈቃድ የሚያገለግላቸው ለሠላሳ ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ የዚህን ስቴት ሳያወጡ መንዳት እንደሚያስቀጣ፣ ፍርድ ቤትም ሊያቆም እንደሚችል ተነገራቸው። ቀኑ በሞላ ማግስት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፤ ወተት ለመግዛት እንኳ አልነኩትም። ኮራሁባቸው።

ኦበርን የምንሄደው ለመንዳት ፈተና ነው፤ ሁለተኛቸው። ዛሬ ካለፉ ሰኞ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል መንዳት ይጀምራሉ። ከወደቁ ሥራው ለሌላ ይሰጣል።

ባለፈው የጣላቸው ጨዋነታቸው ነው። በአራቱም በኩል የቁም ምልክት ባለበት፣ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ በሚያልፍበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀድመው ደርሰው ሳለ፣ የመጣውን ሁሉ በእጃቸው «ይለፉ፣ ይለፉ» እያሉ አምስት መኪና አሳለፉ። የሠርግ ቤት በር ላይ የቆሙ ነበር የሚመስሉት።

መንገዱ ላይ ካፊያ ነበር። ከመጋዘኖቹ የሚወጡት ግዙፍ ካሚዮኖች ሳይቀሩ ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ።

«አየሽ፣ ክላክስ የለ፣ ግልምጫ የለ!» አሉ ጋሼ ተደንቀው።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ዛሬ ቀድመው ከደረሱ ቀድመው ይሂዱ። ማንንም እንዳያሳልፉ።»

«ሽማግሌ ቢመጣስ?»

«ሽማግሌም ቢሆን!»

አራት ሰዓት ላይ ኦበርን ካለው የፈተና ጣቢያ ከፈታኟ ጋር ወጡ። እኔ በረንዳው ላይ ስንቆራጠጥ ቆየሁ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል፤ ክው አልኩ።

«ወደቁ?»

«አለፍኩ።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«መስቀለኛው መንገድ ላይ ቀድሜ ደርሼ ቆምኩ። ከቀኝ በኩል ጥምጥም ያደረጉ ቄስ መኪናቸውን እየነዱ መጡ፤ የኛው አገር ቄስ! እጄ ሊነሳ ሲል ያንቺ ነገር ትዝ አለኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቄስ አቁሜ አለፍኩ፣ ልጄ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሄደን ቁጥር ይዘን ተቀመጥን፤ ጊዜያዊውን ወረቀት ሰጧቸው። ካርዱ በፖስታ ይመጣል።

ስንመለስ መሪው የእሳቸው ሆነ። ሲነዱ እንዴት እንደሚያምርባቸው ረስቼው ነበር። ጎናቸው ተቀምጬ ሳስበው፣ ቀድሞ የደረሰ ይለፍ የሚለው ሕግ ቄስ፣ ባለሥልጣን፣ አዲስ መጤ አለማለቱ ደስ አለኝ። ትናንት የመጡት አጎቴም እዚህ ተራ አላቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲታክ ስንገባ መኪናውን ፓርክ አደረጉ።

«እሁድ ቄሱን አፈላልጌ ይፍቱኝ እላለሁ» አሉ።

«ማን ሊያደርስዎት?» አልኳቸው፣ ለነገር።

ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት፣ አጥፈው መለሱት።

«ራሴ ነኛ! አንቺንም አደርስሻለሁ።»