ፌጦ ረጭቼ እባብ ፍለጋ

እባብ አልወድም። የሚወድ ሰው አለ ብትሉኝም አላምንም ነበር፤ ያሳመነኝ አንዷ ከእኔው መወለዷ ነው።

ልጄ የምትኖረው ማኪኒ በሚባለው ከተማ ከእናቷ ጋር ነው። እኔ ካሮልተን፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ አፓርታማ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እኔና እናቷ ከተለያየን ወዲህ የምትደውልልኝ ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነበር። እንኳን አደረሰህ ትለኛለች፣ እንኳን አብሮ አደረሰን እላታለሁ፣ ከዚያ "ኦኬ፣ ባይ" ትላለች። ስለዚህ በሁዳዴ መሃል፣ ምንም በዓል በሌለበት ቀን ስትደውል፣ ሰው ሞቷል ብዬ ቁጭ ብዬ ነው ስልኩን ያነሳሁት።

ማንም አልሞተም። ቅዳሜ ከሰዓት መኪና እንድነዳላት ፈልጋ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ስለ እባብና ስለ እንሽላሊት ነው፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲባል ስሰማ ሐኪም የምትሆን መስሎኝ ነበር። የምትፈልገው የበረሃ ንጉሥ እባብ የሚሉትን ነው። ሌሎቹን እባቦች፣ መርዛሞቹን ሳይቀር ይበላል፤ ሰውን ግን አይጎዳም አለችኝ። የዚህ አገር ክረምት አልፎ ሙቀት ሲጀምር፣ ሌሊቱ ገና ስለሚበርደው፣ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ አስፋልት ላይ ይሞቃል። ከፎርት ወርዝ ከተማ በስተምዕራብ ባሉት የገጠር መንገዶች አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲነዳ እሷ ዓይኗን አስፋልቱ ላይ ትተክላለች። ሁሌ የምትነዳላት ጓደኛዋ ታማባታለች።

"ሶ፣ አንተ ድራይቨር ነህ አይደል?" አለችኝ።

ነኝ። ኤርፖርት ሰው ሳመላልስ ነው የምውለው። እሺ አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ አሰብኩት። ጓደኛዋ ትድናለች፤ ለእኔ ያለችኝ ይህች አንድ ቀን ናት። ደህና ከዋልን ልጄ ያለ በዓልም ትደውልልኝ ይሆናል። ከተበላሸ ደግሞ እስከ ፋሲካ፣ ከዚያ እስከ ገና።

ማንበብ የተማርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ እዚሁ ስደት አገር፣ ከሥራ ስመለስ ነው። ስለ እባቡም ስልኬ ላይ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩ። ፍርሃቴ ግን አልቀነሰም። ማንበብ ፍርሃትን ያጠፋል የሚሉ ሰዎች ምን እንዳነበቡ አላውቅም። ስለዚህ እኛ ቤት ሲደረግ ያየሁትን አደረግሁ። ፌጦ ወቀጥኩ፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር በውሃ በጠበጥኩና ጫማዬን፣ የሱሪዬን ጫፍ፣ የመኪናውን ምንጣፍ ረጨሁት። ፌጦ ባለበት እባብ ድርሽ አይልም፤ ያደግነው ይህን እየሰማን ነው። እባብ ፍለጋ የሚሄድ ሰው እባብ ማባረሪያ ረጭቶ እንደማይሄድ የገባኝ፣ ልጄ ገብታ የመኪናውን በር ስትዘጋ ነው።

"አባ፣ ምንድነው የሚሸተው?"

"ቁርሴ ነው።"

"ነጭ ሽንኩርት? ለቁርስ?"

"ጾም ነው። ምን ልብላ?"

መስኮቱን እስከ ታች ከፈተችው።

አንጸባራቂ ቢጫ ሰደርያ ለእኔም ይዛልኝ ነበር። መንገድ ላይ እባብ የሚፈልግ ሰው መልበስ አለበት አለች፣ ፈቃዱንም አውጥታለች። ኤርፖርት ፓርኪንግ ስሠራ እንደዚህ ያለውን ለብሼ ነው አንድ ክረምት ሙሉ ብርድ የጠጣሁት። አሁን ደግሞ ለእባብ ለበስኩት።

ከተማው አለቀና ሜዳ መጣ። የሽቦ አጥር፣ ላሞች፣ ማቆጥቆጥ የጀመረ እሾሃም ዛፍ፣ ከመንገዱ ዳር ሰማያዊ አበባ። ከዝናብ በኋላ የወጣች ፀሐይ ስለነበረች ደስ ትል ነበር። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ ደስ የሚለኝ ነገር ብዙ አይደለም። ከኋላዬ የመጣ ፒካፕ ጥሩምባውን ለቀቀብኝ። በሥራ ቀን ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር፤ ዳር ይዤ አሳለፍኩት።

ቁም ስትለኝ እቆማለሁ፣ ወርዳ ታያለች፣ የፈነዳ የትራክ ጎማ ቁራጭ ይሆናል። ትንሽ እንሄድና ሌላ ጎማ። ከዚያ ቅርንጫፍ። ከዚያ የወንድ ቀበቶ።

"ሱሪውን በእጁ ይዞ የሚሄድ ሰው ካየሽ ደግሞ ንገሪኝ፣ እሰጠዋለሁ" አልኳት።

ሳቀች። ይህን ሳቅ በስልክ ሰምቼው አላውቅም።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ግን ልጄ ሰዓቷን ደጋግማ አየች። ከመሸ እባቡ ይበርደዋል፣ ጉድጓዱ ይገባል አለችኝ። ፌጦው ይሆን እንዴ ብዬ በእኔ በኩል ያለውንም መስኮት ከፈትኩት። መኪና ውስጥ የተረጨ ፌጦ አስፋልት ላይ የተኛ እባብ እንደማያባርር አውቃለሁ፤ ቢሆንም። ደግሞ ግማሹ ልቤ ተመስገን ይላል።

ውሃ ልታወጣ ወደ ቦርሳዋ ጎንበስ ባለችበት ነው ያየሁት። ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ መንገዱን አቋርጦ የተጋደመ። ጎማ እንደዚያ አያብለጨልጭም። እሷ አላየችም። መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ብይዘው ሳልነካው አልፈዋለሁ፣ ማንም አያውቅም፣ እኔም ሳልነደፍ ቤቴ እገባለሁ። እግሬ ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳለ ይህን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ፍሬኑን ያዝኩት። ቦርሳው ከጉልበቷ ተፈናጥሮ ወደቀ።

"ምን ሆንክ?"

"እባብሽ መሰለኝ።"

የመጨረሻውን ቃል ስጨርስ ወርዳለች። የአደጋ መብራቱን አብርቼ ወረድኩና ከበሩ ጀርባ አየሁ። እባቡ በጀርባው ተገልብጧል። ሆዱ ወደ ሰማይ፣ አንገቱ ተጣሞ፣ ንቅንቅ አይልም። የፊት ጎማዬ አጠገቡ ነው። ልጄ አንድ ቀን ሰጠችኝ፣ እኔ ደግሞ የመጣችለትን እባብ በጎማዬ ሄድኩበት።

"ገደልኩት" አልኳት። "አይቼዋለሁ። ዘግይቼ ነው ፍሬን የያዝኩት።"

ቁጢጥ እንዳለች ሳትዞር እጇን ዘረጋችልኝ፤ ና ማለቷ ነው።

"አልሞተም፣ አባ። ያስመስላል። ሲፈራ እንደዚህ ይሆናል። ዝም ብለህ ቁም፣ ራሱ ይነሳል።"

"እሱ ነው የፈራው?"

"አዎ። አንተን።"

ቢጫ ሰደርያ ለብሼ፣ ጫማዬ ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ቆሜ እኔን የሚፈራ ተገኘ። ላም ሩቅ ሆና ትጮሃለች። ከዚያ ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ቀጥሎ አንገቱ፣ ቀጥሎ ሁለመናው ተገለበጠ። ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የበተኑበት ይመስል ቢጫ ነጠብጣብ አለው። ምላሱን አወጣ፣ አሰበበት መሰለኝ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። አልሸሸሁም። ጀግኜ አይደለም፣ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው። ፌጦውን ከቁብ ሳይቆጥር የጫማዬን ጫፍ ታክኮ አልፎ ሣሩ ውስጥ ገባ።

ልጄ ፎቶ ስታነሳ ቆይታ ቀና አለች። ፊቷ እንደዚያ ሲያበራ ያየሁት ሕፃን ሆና ነው።

መኪና ውስጥ ቀበቶዋን እያሰረች፣ "ፌጦ ነው አይደል?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"እማዬም ቦት ጫማዬን ትቀባብኛለች። ሁሌ። እንደማይሠራ አልነግራትም።"

ከእናቷ ጋር ከተጋባን ጀምሮ የተስማማንበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። አሁንም አትንገሪያት አልኳት።

ፎርት ወርዝ እስክንደርስ ፎቶዎቹን ስታገላብጥ ቆየችና፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓደኛዋ ተሽሏት እንደምትመጣ ነገረችኝ። ጥሩ ነው አልኩና ዓይኔን መንገዱ ላይ አደረግሁ።

"ከኋላ ትቀመጣለች" አለች። "እሷ ስትነዳ ትፈጥናለች። አንተ ግን ፌጦውን ተው፣ ኦኬ?"

"አያለሁ" አልኳት።

ስለ ፌጦው ነው። ስለ ቅዳሜው ምን የሚታይ ነገር አለ።