ከቲቪ የመጣ ጉርሻ

ሴትዮዋን ያመጣብን መዝሙር ነው ብል ማን ያምነኛል? እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ አንዲት አሮጊት እናት እንከባከባለሁ። ልጃቸው ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ስለምትሠራ ቀን ቀን አብሬያቸው የምውለው እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ቲቪው ላይ መዝሙር ከፍቼላቸው ወደ ኪችን ዞር ስል፣ መዝሙሩ አልቆ ቲቪው በራሱ ጊዜ ሌላ ቪዲዮ አስከተለ። እንዴት ከዚያ ወደዚህ እንደሄደ ዛሬም አልገባኝም፤ አላምነውምም።

ስመለስ ሒጃብ የለበሰች ሴት ወለል ላይ ተቀምጣለች። ኢንዶኔዢያዊት መሆኗን ልጃቸው ናት ኋላ የነገረችኝ። ከኮባ በማይለይ ቅጠል ላይ ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ ዘርግታ፣ ድንጋይ ላይ የተፈጨ ቃሪያ እያጠቀሰች በእጇ ትበላለች። ከመጉረሷ በፊት የጠቀለለችውን ወደ ካሜራው ዘርጋ ታደርገዋለች፤ እንካችሁ እንደማለት።

እማማ አፋቸውን ከፈቱ።

ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ከገና ወዲህ እህል አልወስድ ብለው ከስተዋል። ቤት ድረስ እየመጣች የምታያቸው ነርስ ባለፈው መዝናቸው ስትወጣ ለልጃቸው፣ «በሚቀጥለውም ካልጨመሩ ሌላ ቦታ ማሰብ ይኖርብናል» አለቻት። ሌላ ቦታ ማለት ነርሲንግ ሆም ነው። እዚያ ሠርቻለሁ። ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ነው፤ ግን «በሞቴ» ብሎ የሚያጎርስ የለም።

ስለዚህ የሽሮ ፍትፍቱን ቶሎ ብዬ በማንኪያ አጎረስኳቸው። ዋጡ።

«ሰው እጁን ዘርግቶ እንዴት እምቢ ይባላል?» አሉኝ።

«እኔስ ስንት ጊዜ ዘርግቻለሁ እማማ?»

«አንቺማ ደሞዝሽ ነው!»

ከዚያ ወዲህ ምሳ ሲደርስ ሴትዮዋን እንከፍታለን። እሷ ስትዘረጋ እሳቸው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እኔ አስገባለሁ። ልጃቸው ደስታዋን አልቻለችውም። እኔ ግን ነገሩ አልጣመኝም። ሁዳዴ ነው፤ ዶሮ እያዩ ሽሮ መብላት ምን ዓይነት ጾም ነው? ደግሞ ከመጀመሯ በፊት ቢስሚላህ ስትል ሰምቻታለሁ።

«እማማ፣ ይኼ ነገር ቢቀርብንስ? የእነሱ ሥጋ ነው እኮ።»

«ዶሮዋን እኔ በላሁት? እኔ የምበላው ያንቺን ጨው አልባ ፍትፍት ነው። በልጄ ሠርግ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ ታርዶ፣ ለብቻ ድስት ተጥዶ፣ አንድ ድንኳን ውስጥ አልበላንም? እሷም የራሷን ትብላ፣ እኔም የራሴን።»

ጥርጣሬዬ ግን ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወኝም፤ የሴትዮዋ ጉንጭ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ጉንጯ ሞልቶ ይታያል፣ ምስሉ ብልጭ ይላል፣ ወዲያው ጉንጯ ባዶ ነው። ስትውጥ አንድም ቀን አላየሁም። ሪችፊልድ ያለችው ጓደኛዬ በስልክ ስነግራት ሳቀችብኝ።

«አንቺ ሞኝ! እየበሉ ቪዲዮ የሚሠሩት አንዳንዶቹ እኮ የጎረሱትን ይተፉና ቪዲዮውን እዚያ ላይ ይቆርጡታል። ሥራቸው ነው!»

አውቶቡስ ውስጥ ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘኋት። ከሥር የተጻፈውን ተርጉም ብዬ ስጫን፣ ለካ የአገሯም ሰው እንደኔ ነው። አንዱ «እህቴ፣ ለምን ትቆርጪዋለሽ?» ይላል። ሌላዋ «ተዋት፣ እሷን እያየሁ ነው ሩዜ የሚወርድልኝ» ትላለች። ሦስተኛው «መጀመሪያ ዋጪና እንይሽ!» ብሎ የሚስቅ ፊት ደርድሯል። እሷም እልህ ይዟት መሰለኝ፣ በማግስቱ ያልተቆረጠ ነው ያለችውን ቪዲዮ አወጣች። እሱንም አላመንኩትም። በየመሀሉ ፊቷን ዞር አድርጋ አፏን በመሐረብ ትጠርጋለች። መሐረቡ ውስጥ ምን እንዳለ ማን አየ?

ፍርሃቴ እማማ ይኼን ያወቁ ቀን አፋቸውን ይዘጋሉ የሚል ነበር። ሥጋቴን ለልጃቸው ስነግራት እጄን ያዘችኝ።

«እባክሽ እህቴ፣ ነርሷ እስክትመጣ ዝም በይ።»

«ካልጠየቁኝ አልናገርም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም፤ እግዚአብሔር ያየኛል።»

ነርሷ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት እማማ ማንኪያውን በእጃቸው ከለከሉ።

«ቆይ እስቲ። ይቺ ልጅ ትውጠዋለች?»

«ስትውጥ አላየኋትም» አልኳቸው።

ቲቪውን ትንሽ አዩና ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«እሷስ ሩቅ ናት፣ ምን ታደርገኛለች። አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«ይኼን ፍትፍት ስትቀምሺ አይቼሽ አላውቅም። ጠጅ አሳላፊ እንኳ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ አይሰጥም። ምን ብታደርጊበት ነው?»

«ኧረ በስመአብ! ጾም ነው እኮ እማማ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። እርስዎ ስለታመሙ ነው የተፈቀደልዎ።»

«እሷ ቢስሚላህ ትላለች፣ አንቺ በስመአብ ትያለሽ። የሁለታችሁም ጉሮሮ ግን አይንቀሳቀስም!»

ሰዓቱ ገና ስድስት ተኩል ነው። ዘጠኝ ሲሆን አብረን እንበላለን ብዬ ለመንኳቸው።

«ዛሬ ጦሜን አድሬ፣ ነገ ተመዝኜ ነርሲንግ ሆም ልግባልሽ?»

ለካ ሁሉንም ሰምተዋል። ምንም አልሰሙም ብለን በእንግሊዝኛ ስንንሾካሾክ የከረምነው እኔና ልጃቸው ነን ሞኞቹ።

በእጃቸው ከሳህኑ ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡት። አንድ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር። ለሳቸው ብዬ ልጎርስ ነው ወይስ ሆዴ ምክንያት አግኝቶ ነው? ይኼን እስከ ዛሬ አላጣራሁም፤ ለነፍስ አባቴም የነገርኳቸው እንዲሁ ሳላጣራ ነው። ጎረስኩ። እሳቸው ጉሮሮዬ ላይ አፍጥጠው ጠበቁ። ዋጥኩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ሳህኑን አብረን ጨረስነው።

በማግስቱ ነርሷ ሚዛኑን አይታ ፈገግ አለች፣ ልጃቸውም እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን የለበሱት ወፍራም ሹራብ አልጣመኝም። ይቅርታ ጠይቄ፣ ሹራባቸውን አውልቀው እንደገና ይመዘኑ አልኩ። ልጃቸው አፈጠጠችብኝ። እማማ፣ «ይቺ ሴትዮ ሚዛኑንም ቅመስ ትለዋለች» እያሉ አወለቁና ወጡበት።

ጎንበስ ብዬ ራሴ አነበብኩት። ጨምረዋል።