የውሰት ጎማ

መኪናዋ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ደረቴ ድረስ የማይደርስ፣ በደህና ዘመኗ ቀይ የነበረች አሮጌ ስፖርት መኪና ናት። ባለቤቴ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ውስጥ የነበረ አንድ የውጭ አገር ቴክኒሻን ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጠለት። ያን ቀን፣ "ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት የሁለት ሰው መኪና!" ብዬ እራት ሳልበላ ተኛሁ። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ አንከብክቦ ያዛት። ጎማዋን ጥርሱ ሳያልቅ ይቀይርላት ነበር። ሲሞት ሊብሬው ወደ እኔ ስም ዞረ፤ መኪናዋም ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ዶሮ እያደረባት ለዓመታት ቆመች።

ከቆመችበት ያስነሣት ችግር ነው። የልጅ ልጄ እናቷ ለሥራ አረብ አገር ከሄደች ጀምሮ ከእኔ ጋር ናት፤ አሁን ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራለች። የሠራተኛው ሰርቪስ ጎህ ሳይቀድ ከአስፋልቱ ዳር ያነሣቸዋል። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ደግሞ አንድ ረጅም የፋብሪካ አጥር ተከትሎ የሚሄድ፣ መብራት የሌለው፣ በሌላው ወገን ወንዝ ያለበት ነው። ባለፈው ዓመት እዚያ አጥር ሥር አንድ ሰው ቦርሳዋን ነጠቃት። አልለቅም ስትል መሬት ለመሬት ጎተታት። ጉልበቷ ተልጦ፣ አንድ እግር ጫማዋ ጠፍቶ ስትመለስ ያየሁትን ፊቷን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ወንድ ልጄ፣ አጎቷ ማለት ነው፣ "የአባዬ መኪና ቆማ እሷ በእግሯ አትሄድም" አለና ሞተሩን አሠራው። ልጅቷም መንጃ ፈቃድ አወጣችና እስከ ፋብሪካው ድረስ ራሷ መንዳት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ያቺ መኪና እየጮኸች ከግቢ ስትወጣ ስሰማ መልሶ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ጎማው ግን ያው ባለቤቴ ያስገጠመው ነው። ቆሞ ደርቆ ስለኖረ በዓመት ውስጥ ጥርሱ እልቅ አለ። አንድ ቀን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ልሙጥ ነው። ለልጄ ብነግረው "ደሞዝ ይውጣ እማዬ" አለኝ። ደሞዝ ሲወጣ ደግሞ "ክረምቱ ይለፍ" አለኝ። ጎማ የሚያስፈልገው ለክረምት አይደለም እንዴ?

ክረምቱ ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ልጅቷ ከቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ስትመለስ ዝናብ ያዘን። እዚያች መኪና ውስጥ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬ ጋር ይገናኛል፤ መንገዱን የማየው በጉልበቶቼ መሀል ነው። ሰርቪሱ የሚቆምበት ቦታ ስንደርስ ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ቆመ። ልጅቷ ፍሬን ያዘች። መኪናዋ ግን አልቆመችም። ኋላዋ ዞረና በጎኗ እየተንሸራተተች ወደ መንገዱ ዳር ሄደች።

መንገዱ ዳር ላስቲክ ወጥራ ሻይና ቦንቦሊኖ የምትሸጥ ሴት አለች። አግዳሚ ወንበሯን ገፍተን ጥለን፣ ማንቆርቆሪያዋን ደፍተን፣ ከእግሯ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። ሴትዮዋ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ልጅ አዝላለች። ያዘለችውን ከፍ አድርጋ እያስተካከለች፣

"ሻይ ከፈለጋችሁ ወርዳችሁ ጠጡ እንጂ ከነመኪናችሁ ትገባላችሁ?" አለች።

ላስቲኩ ሥር የተጠለለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ማንቆርቆሪያውን ልታነሣ ሞክራ ግን ሁለት ጊዜ ከእጇ አመለጣት። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን እንቅልፉን አልተወም። ወርጄ ወንበሯን አቀናሁላት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። "አንድዬ ነው ያተረፈን እማማ፣ ይሂዱ" አለችኝ።

ቤት ገብቼ ያን ቀን ሙሉ የማስበው ስለዚያ ሕፃን ነበር። እናቱ የእኛ መኪና ላይ አንድ ቀንም ተሳፍራ አታውቅም። ከመኪናችን የሚደርሳት ነገር ቢኖር ጭሱና የሚረጨው ጭቃ ነው። ታዲያ አደጋውን ለምን ትጋራናለች? ምቾቱ የእኛ፣ አደጋው የጋራ! ይሄ ምን ዓይነት ክፍፍል ነው?

ልጄን አስጠርቼ "ጎማው ይቀየር፤ ነገ ዛሬ የለም" አልኩት።

"ይቀየራል። ቦሎውም ደርሷል። ለምርመራው ስንሄድ አብሮ ይቀየራል" አለኝ።

እውነትም ለዓመታዊው ምርመራ ሄደው ሲመለሱ ጎማዋ ሌላ ሆኗል። ጥቁር፣ ጥርሱ የወፈረ። ጣቴን ብሰደው ጫፉ ጥርሱ መሀል ስምጥ ይላል። ልጅቷን ግንባሯን ሳምኳት። ልጄንም እዚያው ግቢ መሀል አቁሜ፣ "ክፉ አይይህ፣ ልጆችህ ይጡሩህ" ብዬ መረቅሁት። አንገቱን ደፍቶ "አሜን" አለ። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ልጅቷ ከሥራ ተመልሳ ተኝታ ሳለ፣ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። በመኪናዋ አጠገብ ሳልፍ እጄን ጣል ባደርግ ልሙጥ። በሌላኛው ጎን ዞርኩ፤ እሱም ልሙጥ። የራሳችን አሮጌ ጎማ ተመልሶ ተቀምጧል።

ማታ ልጄ ሲመጣ ጠበቅሁት።

"ጎማው የት ሄደ?"

"የቱ ጎማ?"

"ትናንት የመረቅኩህ ጎማ!"

ልጅቷ ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች። እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"እማዬ፣ የውሰት ነው። ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ለምርመራው ቀን ከጎሚስታው ትዋሳለህ፣ ታስመረምራለህ፣ ትመልሳለህ። ዛሬ ሌላ መኪና ላይ ነው።"

"ነገስ?"

"ነገማ ሌላ ላይ ነዋ።"

"እንግዲያው የተመረመረው ጎማው ነው እንጂ መኪኖቹ አይደሉም። ምርቃቴን መልስልኝ።"

"እማዬ ደግሞ! ቦሎው መስታወቱ ላይ ተለጥፏል እኮ። ሕጋዊ ናት።"

"ዝናብ ሲመጣ ቦሎውን አውጥታ ታሳየዋ! ያቺ ሴትዮ ልጅ አዝላለች።"

ይሄኔ ልጅቷ ሳቋን ተወች። ከተቀመጠችበት ተነሣች።

"እሺ እማማ፣ ላቁማት። ከዚያስ? ሰኞ ጠዋት በዚያ አጥር ሥር ማን ነው የሚሄደው? አንቺ ነሽ? የሰው ልጅ እያልሽ ታለቅሻለሽ፤ እኔስ የሰው ልጅ አይደለሁም?"

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁና መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት። ልክ መሆኔን አውቃለሁ፤ እሷም ልክ ናት። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ሰው ስዳኝ የኖርኩት አንዱ ልክ አንዱ ጥፋተኛ ሲሆን ነው።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ሦስታችንም ጎማ ልንመርጥ ወደ ሳሪስ ሄድን። ለልክ እንዲሆን መጠባበቂያውን ጎማ ከነብረት ቸርኬው ይዘናል። የሚኒባሱ ረዳት፣ "ማዘር፣ ለጎማውም የአንድ ሰው ይከፈላል" አለ። ከፈልኩና ጎማውን አጠገቤ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። መንገድ ላይ አንድ ሰው ጭኖ "ማዘር፣ መሬት ያውርዱትና ሰውዬው ይቀመጥ" ሲለኝ፣ "ከፍሏል፤ ተሳፋሪ ነው" አልኩት። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ፤ እየሳቀች ነበር። ከተጣላን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

የጎማ ነጋዴው ሱቅ ውስጥ ጎማ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። የእኛን አገላብጦ አየና፣

"እናቴ፣ ይሄ ቁጥር ከገበያ ጠፍቷል። የዛሬ መኪና ሁሉ ቸርኬው ትልቅ ነው። ግን ለእርስዎ አላጣም" ብሎ ከጓዳ አንድ ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ ጎማ እያንከባለለ አመጣ። "ይሄ ነው የስፖርት መኪና ጎማ። ትንሽ ነው የተነዳው። ከነቸርኬው አራቱንም እሰጣችኋለሁ።"

ልጄ "ይሄ ነው!" አለ። የልጅቷም ዓይን በራ። እውነትም ያምራል፤ ያቺ አሮጊት መኪና ሥር ቢገባ ወጣት ያደርጋታል። እኔ ጎኑን በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ ዳሰስኩት። ከተቀባው ጥቁር ቀለም ሥር እንደ በጋ ተረከዜ ተሰነጣጥቋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እሱ ምንም አይደል እናቴ። ፀሐይ ነው።"

ልጅቷ ቁጢጥ አለች። ሌሊት ሌሊት በስልኳ ስለ ጎማ ስታነብ እንደቆየች አላወቅሁም ነበር። ጎኑን በሶፍት ጠርጋ አራት ቁጥሮች አገኘች።

"እማማ፣ ይሄ የተሠራበት ጊዜ ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው የተሠራው።"

"ቢሆንም ተቀምጦ ነው የኖረው እኮ!" አለ ነጋዴው። "አልሠራም፣ አልደከመም!"

"የእኛም ተቀምጦ ነው የኖረው" አለችው።

ቀጥሎ የሚኒባስ ጎማ አሳየን፤ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ከፍታው ከመኪናዋ ቆርቆሮ ጋር እንደሚፋተግ እሱም አልደበቀም። መጨረሻ ላይ ራሱን አከክ አከክ አድርጎ፣ "አንድ አለ፤ ግን አትወዱትም" አለ። የእነዚያ ሰማያዊና ነጭ አሮጌ ታክሲዎች ጎማ ነው። ቀጭን፣ ምንም ጌጥ የሌለው። የእኛ ቸርኬ ላይ ግን ልክክ ይላል። ልጅቷ ቁጥሩን አየች። አዲስ ነው።

"የታክሲ ጎማ?" አለ ልጄ። "ለስፖርት መኪና? አባዬ ከመቃብሩ ይነሣል!"

"ከተነሣማ ቡሎኑን ያጥብቅልን" አልኩት።

ነገር ግን ያለው ሁለት ብቻ ነው። ታክሲዎቹ እያለቁ ስለሆነ ጎማቸውም አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። መቼ? ነጋዴው ትከሻውን ሰበቀ። ልጄ ወዲያው፣ "በቃ፣ ሁለቱን ከፊት እናስገጥማለን፤ ከኋላ አሮጌው ይቆይ። ሰኞ መንዳት ትጀምራለች" አለ። ነጋዴውም "ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል" አለ።

አፌን ልከፍት ስል ልጅቷ ቀደመችኝ።

"ያን ቀን የተንሸራተተው ኋላዋ ነው።"

"ታዲያ አዲሱን ወደ ኋላ እናደርገዋለን!"

"ከዚያ ደግሞ ፊቷ አልታዘዝ ይለኛል። መሪው እኔ እጅ ላይ ነበር አጎቴ። ሴትዮዋን ያየኋት እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊት ነው ያየኋት።" አሮጌውን ጎማ ወደ እግሯ ሳበች። "አራቱም እስኪሟሉ ትቁም።"

ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። የተናገረችው ለእኔ ብላ አልነበረምና። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ያሰብኩት ግን ሰኞን ነበር።

መኪናዋ አሁን ድንጋይ ላይ ተሰቅላለች። ሁለቱ ጎማዎች አልጋዬ ሥር ናቸው፤ ስተኛ ሽታቸው ይመጣብኛል። ሰኞ ልጅቷ ለብሳ ስትወጣ እኔ ጋቢዬን ደርቤ፣ የባለቤቴን ከዘራና ባትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"የት ነው?"

"ማን ነው የሚሄደው ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ?"

"እማማ፣ ተናድጄ ነው እኮ ያልኩት! ግቢ።"

አልገባሁም። ከፊቴ ፈጠን ብላ ሄደች፤ እኔ እያነከስኩ ከኋላ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ባለሻይዋ፣ "ዛሬስ ፍሬናችሁ ሠራ!" አለችን። ልጅቷ ሰርቪሱ ላይ ወጣች፤ እኔ እስኪነጋ ከባለሻይዋ ጋር ተቀመጥኩ። ሕፃኑ ካርቶን ላይ ተኝቶ ነበር።

እንደዚህ ስንሄድ ሰነበትን። አንድ ማለዳ አጥሩ መሀል ላይ አንድ ሰው ከጨለማው ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመ። ባትሪዬን ፊቱ ላይ አበራሁና ባለ በሌለ ድምፄ፣ "እንደምን አደርክ!" አልኩት። ሰውየው እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደ። ሌባ ይሁን የምሽት ዘበኛ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የልጅቷ እጅ ክንዴን ይዞ ነበር፤ መቼ እንደያዘኝ አላየሁም። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ባለሻይዋ ሻይ ሰጠችኝ። ብርጭቆውን ይዤ መጠጣት አቃተኝ፤ ግማሹ ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ። ባለሻይዋ አየችኝና ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ ያዘችልኝ።

በማግስቱ ልጅቷ ቀድማኝ አልሄደችም። በሩ ላይ ቆማ ክንዷን አቀበለችኝ። "ቀስ በይ፣ እንደርሳለን" አለችኝ።

ነጋዴው ጋ በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ። ትናንትም "እየመጣ ነው እናቴ" አለኝ። ልጄ ደግሞ ሁለት ደህና የውሰት ጎማ ላምጣ ወይ ይለኛል። ጉልበቴ አብጧል፤ ቁልፉ አሁንም መቀነቴ ውስጥ ነው። የባትሪውን ድንጋይ ዛሬ ቀይሬያለሁ።