የቀንድ ማጉረሻ

ጎንደር ውስጥ ጣልያን ጥሎት የሄደ ማንኪያና ሹካ በየቤቱ ነበር። አንዳንዱ ሰው ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፣ አንዳንዱ ለሕፃን መጫወቻ ይሰጠዋል። እኔ ግን ለእኛ ማዕድ ይሆናል ብዬ አላደነቅሁትም። ሹካ እንጀራ ይወጋል እንጂ አይጠቀልልም፤ ማንኪያም ወጥ ይቀዳል እንጂ አይቆርስም። ለእንጀራ የሚሆን የገበታ ዕቃ አስቤ የሠራሁ እኔ ነኝ። አስተማሪ አልነበረኝም። ዋንጫ የሚሠሩ ሰዎችን ከሩቅ እያየሁ ቀንድ መቁረጥና ማጉበጥ ለመድኩ፤ ጢሜ ሳያቀመቅም ከእነሱ የተሻለ ሠራሁ። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው።

ዕቃውን የሠራሁት ቀሐ ወንዝ አጠገብ ይኖሩ ለነበሩ አንድ ጎረቤታችን ነው። በአርበኝነት ዘመን የእጅ ቦምብ የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ወስዶባቸው አውራ ጣታቸውና መዳፋቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። በግራ እጅ ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብ ነውር ስለሆነ ጓዳ ገብተው ባለቤታቸው ያጎርሷቸዋል። ድግስ ሲጠሩ "አሞኛል" ይላሉ። ኋላ ሰውም መጥራቱን ተወ።

በዚህ መሐል ሴት ልጃቸው ልትዳር ሆነ። በእኛ ዘንድ የሙሽራዋ አባት ሙሽራውን ሳያጎርስ ሙሽሮቹ ከቤት አይወጡም። ታናሽ ወንድማቸው ይተካቸው መባሉን ስሰማ ቤታቸው ሄድኩ።

"አያ፣ የሚያጎርሱበት እጅ እሠራልዎታለሁ" አልኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ በጧት ጠጅ ቀምሰሃል?"

"ጠጁን በሠርጉ ላይ እጠጣለሁ።"

መጀመሪያ ሁለት የጣልያን ሹካ አጋጥሜ በሽቦ አሰርኩ። እንጀራውን ቦጫጨቀው፣ ወጡም በቀዳዳው ፈሰሰ። ጥፋቱ የሹካው ነው። ከዚያ ከትክል ድንጋይ ገበያ ረጅም የበሬ ቀንድ አስመጣሁ። ቀጭን አድርጌ ሰነጠቅሁት፣ እሳት ላይ አሙቄ እንደ ወረንጦ አጠፍኩት። ሁለቱን ጫፎች እንደ ማንኪያ አሰፋሁ፤ እንጀራው እንዳያመልጥ ውስጣቸውን በሞረድ ሸረካከትኩት። መዳፍ ላይ የሚታሰርበት ጠፍር አበጀሁለት። በአውራ ጣት ሲጫኑት ይገጥማል፣ ሲለቁት ራሱ ይከፈታል። እንዲህ ያለ ነገር ጣልያንም አልነበረው።

ሠርጉ እሑድ ነው፤ እኔ ዓርብ ጨርሼ ለልምምድ ወሰድኩላቸው። ቅዳሴ ወጥቶ ባለቤታቸው የምስር ወጥ አቀረቡ። ሰውየው አሰሩት፣ ቆረሱ፣ ጠቀለሉ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሲቀርብ ግን ቆመ።

"ይህ ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ቅቤ ነው፣ አያ። ቀንድ በቅቤ ካልታሸ ይሰነጠቃል።"

ባለቤታቸው፣ "ምነው ልጄ፣ በዓርብ?" አሉኝ።

ሰውየው ጠፍሩን በጥርሳቸው ፈትተው ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጡት። "ቀንድህስ ዓርብን አያውቅም፤ አንተ አታውቅም? ተወው። ያልተፈቀደልኝ ነገር ነው። ወንድሜ ያጉርስ።"

ለሥራው አንድ ነውር ሊያወጣለት የሚችል ሰው አልነበረም፤ የተሳሳተው ቀኑ ነው። እሑድ የፍስክ ቀን ነውና ቅቤ ቢኖረውም ግድ አልነበረም። ነገር ግን ያንን ዳግመኛ እንደማይነኩት ከፊታቸው ገባኝ። ስለዚህ ቅዳሜን ከቀረው ቀንድ ሌላ ስሠራ ዋልኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ አማረ። በኑግ ዘይት አሸሁትና ለባለቤታቸው በድብቅ ሰጠኋቸው። አሸተው አሸተው፣ "ሸጋ ነው፣ እኔ አስርለታለሁ" አሉኝ።

በሠርጉ ቀን ዳሱ ሞልቶ ነበር። ወንድምየው እጅጌውን ሰብስቦ ለመታጠብ ተነሣ። ባለቤታቸው ማስታጠቢያውን ይዘው አልፈውት ወደ ባላቸው ሄዱ፤ ለወትሮው ከኩታ ስር የሚደበቀውን የተቆረጠ እጅ አወጡት፣ በሰው ፊት አጠቡት፣ ማጉረሻውንም አሰሩበት። ሰውየው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"ኑግ ነው" አሏቸው ባለቤታቸው።

"በፍስክ ቀን ደግሞ ኑግ ታበሉኛላችሁ?"

ዳሱ በሳቅ ሞላ። ሰውየው ከዶሮው ወጥ አጥቅሰው ጉርሻ ሲጠቀልሉ ከሚዜዎቹ አንዱ ሙሽራውን ጎሸም አድርጎ፣ "ወንድሜ፣ ጥርስህን ጠብቅ፤ አማትህ ወረንጦ ይዘዋል" አለው።

"ዝም በል፣ ያንተም ተራ ይደርሳል" አሉ ሰውየው።

ሙሽራው አፉን ከፈተ። ቀንዱ ጉርሻውን አልለቀቀም። ጉርሻው ገባ፣ ሙሽራው አኘከና ጉልበታቸውን ሳመ። ልጃቸውንም አጎረሱ። ቀጥለው ሚዜውን ጠርተው አፉ መዘጋት እስኪያቅተው ድረስ ሞሉበት።

ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ሽማግሌዎቹ በአንድ ሞሰብ ዙሪያ ተቀመጡ። አንደኛው ጠጋ ብሎ ለሰውየው ቦታ ለቀቀላቸው። ባለቤታቸው እንደ ልማዳቸው በጓዳው በር ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ሰውየው ወደ ጓዳው አዩ፣ ወደ ሞሰቡ አዩ፤ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠው ቆረሱ። ወጥ ኩታቸው ላይ ተንጠባጠበ፤ ጎንበስ ብለው እንኳ አላዩትም። ባለቤታቸው የጓዳውን በር ገፋ አድርገው ዘጉና ለራሳቸው ሊበሉ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ።