ትንሽ የሚቀረው ድምፅ

ጣቶቿ በሰም የታሸ ክር ይዘው ሽቦ ከሽቦ ያስራሉ። ቀዩን ከቢጫው፣ ቢጫውን ከአረንጓዴው ጎን ለጎን አስተኝታ በክሩ ትጠመጥማለች፤ ከዚያ ቋጠሮውን በጥርሷ ታጠብቃለች። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደርሷል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ አንሶላ ተነጥፎለት፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ የተኛው የወንድሟ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር፣ የድምፅ ማጉያ ሳጥኑ ነው። ከሩቅ ያያት ሰው ሕፃን የምትጠቀልል ይመስለዋል። ለእሷም እንደዚያው ነው የመሰላት።

ሴትዮዋ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የራዲዮ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ውስጥ ስትበይድ የኖረች ናት። ፊደል የቆጠረችው የልጅ ልጇ ትምህርት ቤት ስትገባ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ እርሳስ እየተሻሙ። ከዚያ በፊት የምታነበው ቀለም ብቻ ነበር። ሬዚስተር የሚሏት ትንሽ ዕቃ ወገቧ ላይ የቀለም ቀለበት አለባት። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ብላ ለይታ ከቦታዋ ታስቀምጣለች፣ ትበይዳለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ቀለሙ ቁጥር መሆኑን የሰማችው ጡረታ ልትወጣ ስትል ነው። እስከዚያ ድረስ ፋብሪካው ለውበት ብሎ የሚቀባው ይመስላት ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን ለአለቃዋ፣ "ሐምራዊውን አላበዛችሁትም?" ብላ አስተያየት ሰጥታለች። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ራዲዮ ስትሠራ አንዱም ሲናገር ሰምታ አለማወቋ ነው። ድምፅ የሚፈተሸው በሌላ ክፍል ነበር።

እንግዲህ የድሮ ሮክ ድምፅ ካልመለስኩ ብላ የተነሳችው ይህች ሴትዮ ናት።

ነገሩ የመጣው በታናሽ ወንድሟ እጅ ነው። በወጣትነቱ በየጭፈራ አዳራሹ ጊታር ይጫወት ነበር፤ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ፣ ሱሪው ከታች መንገድ የሚጠርግ። ኋላ ቤት ቀቢ ሆነ። ባለፈው ዓመት ቀለል ያለ ስትሮክ መታውና እሷ ዘንድ፣ ጓሮ ያለችው ክፍል ገባ። እግሩ ተመለሰለት፤ አፉም አልተያዘም፣ እንዲያውም ባሰበት። የግራ እጁ ጣቶች ግን ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመሩ። የምታክመው ሐኪም፣ "በነዚህ ወራት ካላሠሯቸው እንደታጠፉ ይቀራሉ" ብላ በየቀኑ የሚጨምቃት ለስላሳ የጎማ ኳስ ሰጠችው። ብዙም ሳይቆይ ኳሷ የጎረቤት ውሻ አፍ ውስጥ ታየች።

"ኳሱን ከጠላህ ጊታርህን አንሳ" አለችው እህቱ። "ጣት ጣት ነው፤ በምንም ይሥራ።"

"በምን ድምፅ ልጫወት፣ እትዬ? ሳጥኑ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ያለ እሱ ስነካካው ምስጥ ግድግዳ የሚበላ ነው የሚመስለኝ።"

"ሳጥኑ ቢነሳስ?"

"ድሮ እንደሚናገረው ከተናገረ እጫወታለሁ።" ሳቅ አለ። "ሙት ማስነሳት ጀመርሽ እንዴ?"

"በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጥሬ የለ? ይሄ ምን ያቅተኛል?"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የተናገረችውን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወንድሟ ተስፋ ባለው ዓይን እያያት ነበር።

አምፕሊፋየሩ በብርጭቆ ቫልቭ የሚሠራ ነው፤ ሲበራ ቫልቮቹ ውስጣቸው እንደ ፍም ይቀላል። ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ኤሌክትሪኩን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይቆያል፣ ቂም እንደማይረሳ ዘመድ። በመንገዱ ማዶ ያለው ራዲዮ ጠጋኝ መጥቶ ያንን ቂም አስወጣላትና ኤሌክትሪኩን ከሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች የትኞቹ እንዳበጡ አሳያት። ያበጡትን ነቅላ አዲስ በየደች። ብየዳዋ እንደ ድሮው ያበራል። እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ሰው በተባለች። ግን የሽቦው መዝረክረክ አላስቀምጥ አላት። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ፣ ከእንቅልፍ እንደ ተነሳ ሰው ጸጉር። በእሷ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ሥራ ያቀረበች ልጅ ከወንበሯ ትነሳ ነበር። ስለዚህ ሰም ያለው ክር አመጣች፣ ሁሉንም ሽቦ ሰብስባ አሰረች፣ ጎንጉና አስተኛች፤ ስትጨርስ የልጅ ልጇን ጠርታ ፎቶ አስነሳችው።

"አያቴ፣ በጣም ያምራል" አለች ልጅቷ። "ግን ይሠራል?"

"እንዲህ ያማረ ነገር እንዴት አይሠራም?"

ወንድሟ ጊታሩን ከግድግዳ አውርዶ መጣ። አበራችው። ቫልቮቹ ቀስ ብለው ቀሉ። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ምስጋና መጠበቅ ጀመረች።

ወንድሟ የጊታሩን ክር ሳይነካ አምፕሊፋየሩ ጮኸ። ጩኸት ነው የምላችሁ፣ ቀጭን፣ እየወጣ የሚሄድ፣ ጅኒ የሰፈረበት የሻይ ማንቆርቆሪያ የሚመስል። የጎረቤቱ ሰዓት ሠሪ ግድግዳውን ደበደበ።

"ምነው፣ ሰው ሞተ?" አለ በግድግዳው በኩል።

"ኧረ ደህና ነን" አለች፤ እየተንደረደረች ሄዳ አጠፋችው።

ወንድሟ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልታየም። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ሮክ አይደለም፤ ምጥ ነው።"

ራዲዮ ጠጋኙ ተጠርቶ መጣ፣ የአምፕሊፋየሩን ሆድ ከፍቶ አየና አፉን በእጁ ሸፈነ።

"እናቴ፣ ይሄን ማን አሰረው?"

"እኔ ነኝ" አለች። ኩራቷ ገና ጨርሶ አልለቀቃትም።

"እጅዎ ይባረክ። እንዲህ ያማረ ሥራ ዓይኔ አይቶ አያውቅም። አሁን ይፍቱት።"

"ምን ሆኖ?"

"ድምፅ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሽቦ አንድ ላይ አስረዋቸዋል። የሚወጣው ለሚገባው ሹክ ይለዋል፣ የሚገባው ያንኑ አሳብጦ ይመልስለታል፣ ያኛው ደግሞ መልሶ። ሁለት ሐሜተኛ አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠው ቤቱ ለምን ተንጫጫ ይላሉ? ያራርቋቸው።"

ያን ሁሉ ቋጠሮ በመቀስ በጠሰችው። ሽቦው ወደ ቀድሞ መዝረክረኩ ተመለሰ፤ ጩኸቱም ጠፋ። ዕድሜ ልኳን የኮራችበት ሙያ ጠላት ሆኖ ሲገኝ ሰው ምን ይላል? እሷ ሻይ አፈላች።

አሁን ድምፁ ጥርት ያለ ሆነ። ወንድሟ አውራ ጣቱን ክሩ ላይ አሳልፎ ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄ ዜና አንባቢ ነው" አለ።

"ጥርት አላለም?"

"ጠራ እንጂ። እኔ ጉንፋን የያዘው ነው የምፈልገው። ቀስ ብለሽ ስትነኪው እንደ ሰው የሚያወራ፣ ጠንከር ስታደርጊበት ጠርዙ ላይ ስንጥቅ የሚል፣ ሲዘፍን ውሎ የደከመ ጉሮሮ ዓይነት።"

ሴትዮዋ ዕድሜዋን የጨረሰችው ድምፅ እንዳይበላሽ ስትበይድ ነው። አሁን አበላሺልኝ ትባላለች፤ ለዚያውም በልክ። ጠጋኙን እየጠየቀች አንድ ሬዚስተር ቀየረች፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ሆነ። ሌላ ቀየረች፤ ከጉድጓድ የሚጣራ ሰው ሆነ። በመጨረሻ ጠጋኙ ምስጢሩን ነገራት። ቫልቮቹ ያንን ድምፅ የሚሰጡት እስከ አቅማቸው ጥግ ሲገፉ ነው፤ ቮሉሙ ከፍ ካላለ አይመጣም።

ከፍ ቢል ደግሞ ሰዓት ሠሪው አለ። እንግዲህ ምን ተደረገ? ስፒከሩ ተነቀለ፣ ሽቦው ተረዘመ፣ ስፒከሩም ቁም ሳጥኗ ውስጥ በብርድ ልብሶቿና በኮቶቿ መካከል ተቀመጠ፤ በሩም ተዘጋበት። በወንድሟ የጎረምሳነት ዘመን አዳራሽ ሲያናውጥ የነበረ ድምፅ አሁን ከሴትዮ ኮቶች መሀል፣ በናፍታሊን ታጥኖ ይወጣል። ሰዓት ሠሪው ግድግዳ መደብደቡን ተወ።

ማስተካከል ያለ መጫወት አይሆንም። እሷ አንድ ማዞሪያ ነካ ታደርጋለች፣ እሱ ይጫወታል። የቀለበት ጣቱ አልታዘዝ ሲለው ክሩ ታፍኖ ይንጫረራል። መጀመሪያ ላይ ጊታሩን ሊወረውር ደርሶ ነበር። ከዚያ ግን ጆሮው በድምፁ ተወሰደ።

"ላዩ ላይ ፉጨት አለበት፣ ቀንሺው።"

ቀነሰች። ተጫወተ።

"አሁን ደግሞ ታፈነ። ኮቶቹን ከፊቱ አንሺ እስቲ።"

አነሳች። ተጫወተ። እሱ ድምፁን ሲከታተል እሷ ጣቱን ትከታተላለች። ትንሿ ጣቱ መጀመሪያ ተጨማድዳ ትቀር ነበር፤ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ስለ ፉጨት እየተነጫነጨ ሳለ፣ ተዘርግታ የሩቁን ክር ስትይዝ አየቻት። ዞር ብላ መነጽሯን ጠረገች።

አንድ ቀን ድምፁ መጣ። ሙዚቃ የማታውቀው ሴትዮ እንኳ ክንዷ ላይ ያለው ጸጉር ሲቆም ተሰማት። ወንድሟ ዓይኑን ጨፍኖ የድሮ የጭፈራ ዜማውን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተ፤ ስቶ፣ ተደናቅፎ፣ ግን እስከ መጨረሻው። ሲጨርስ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኛ።

"ይኸው ነው። አገኘሽው፣ እትዬ።"

እንደ ሙሽራ ተሞገሰች። ጠጋኙ መጥቶ እጇን ጨበጣት። እሷም ለመጣ ለሄደው ቁም ሳጥኑን ከፍታ አስጎበኘች።

በማግስቱ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ዋለ። በሚቀጥለውም ቀን።

"አትጫወትም?"

"ምን ቀረው? ደረሰ እኮ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። የግራ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተጥሎ ነበር፤ ጣቶቹ ሰብሰብ ብለዋል።

ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። ይህን ሁሉ የደከመችለት ድምፅ በመድረሱ እጁ እንደታጠፈ ሊቀርበት ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለእሷ ሳይሆን አይቀርም።

ወንድሟ ሻወር ሲገባ ሶኬቱን ነቀለች፣ ከትንንሾቹ ቫልቮች አንዱን አውጥታ መሳቢያ ውስጥ በነበረ የደከመ አሮጌ ቫልቭ ተካችው። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ የተበላሸ ራዲዮ ከእጇ ወጥቶ የማያውቅ ሴትዮ፣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እጇ። እንደ ሌባ በሩን በሩን ታያለች።

"አንተ" አለችው ሲወጣ፣ "ዛሬ ስነካካው ድምፁ የተለወጠ መሰለኝ። ጆሮዬ ነው?"

ጊታሩን አወረደ። ሁለት ጊዜ መታው። "ኧረ ሰነፈ" አለ። "እንዴት በሁለት ቀን? ቆይ እስቲ ያንን ማዞሪያ።" እስከ ምሳ ሲያስተካክሉ አረፈዱ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው። ወደ ልኩ ሲቃረብ እሷ አንድ ነገር ታጎድላለች። አንዴ ቫልቭ፣ አንዴ ብርድ ልብስ ወደ ስፒከሩ ፊት ጠጋ ማድረግ። የልጅ ልጇ ነቅታባታለች፤ "አያቴ፣ አታፍሪም?" ትላታለች፣ ግን አላሳበቀችም። ወንድሟ አሁን የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል። ሐኪሟ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘርግታ አይታ ተደሰተችና የጎማ ኳሷን አመሰገነች። እህትና ወንድም ኳሷ የት እንደገባች አልነገሯትም።

ሰሞኑን ግን የእሱ ጆሮ እየተሳለ የእሷ ተንኮል እያለቀበት ነው። ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ እየተጫወተ፣ "እውነቱን ንገሩኝ፣ ደረሰ ወይስ አልደረሰም?" ማለት ጀምሯል። ሰው ደግሞ ደግ ነው፣ ማሞገስ ይወዳል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር ትለምናችኋለች። በዚያ ሰፈር ስታልፉ ከቁም ሳጥን ውስጥ ጊታር ሲጮህ ከሰማችሁ፣ ገብታችሁ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ አዳምጡት። የቱንም ያህል ቢያምራችሁ ግን፣ ዓይኑን ገልጦ ሲጠይቃችሁ፣ እባካችሁ፣ "ትንሽ ይቀረዋል" በሉት።