ሁለተኛው የአጥንት ፎቶ

ከአሶሳ የወጣሁት ልጄ ማርታ እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠብቄ ነው። ነቅታ ቀሚሴን ብትይዘኝ ኖሮ አልሄድም ነበር። ከተማችን የክልል ዋና ከተማ ተብላ በየሰፈሩ አዲስ የቢሮ ታፔላ የሚሰቀልበት ሰሞን ነበር፤ እኔ ግን የጡቴ ካንሰር አጥንቴ ውስጥ ገብቷል ተብያለሁ። አዲስ አበባ የማውቀው ሰው የለኝም። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ ግን ኩርሙክ ሲነግድ አረብኛ ለምዷል፣ ካርቱምም ደንበኞች አሉት። ካርቱም ልታከም እሱን ተከትዬ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። እናቴ «በርቺ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ኩርሙክ ድንበር ላይ ፈታሹ ራጄን ከፖስታው አውጥቶ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው።

«ይሄ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የመታወቂያሽ ፎቶ ይሻላል» ብሎ አሳለፈን። ሳቅን፤ ራጄን መልሼ ፖስታው ውስጥ ከተትኩ።

ካርቱም ሙቀቱ፣ ወገኖቼ፣ የአሶሳን መጋቢት ያስናፍቃል። ኪስራ የሚሉት ምግባቸው እንጀራ ይመስላል ተብዬ ነበር፤ ዓይን እንኳ የለውም። ቤት ያከራዩን ሐጃ ዘይነብ የኩርሙክ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔር ሰው ናቸው፣ ካርቱም ያረጁ። አማርኛቸው ስብርብር ነው፤ ማባበል የሚባል ነገርም አያውቁም። ለአጥንት ፎቶ ጨረር ያለው መርፌ ተወግቼ ስመጣ፣ ለአንድ ቀን ከነፍሰ ጡርና ከሕፃን ራቂ መባሌን ነገርኳቸው።

«የልጄ ሚስት አርግዟል» አሉ። «አንቺ ዛሬ ዛፍ ስር ይቀመጣል። ሞት ቢመጣም እዚያ ይፈልግሻል።»

መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ እስኪሰርግ ሰዓታት ጠብቄ ነው ማሽኑ ስር የተኛሁት። በሽታው ያለበት ቦታ ፎቶው ላይ ይጠቁራል። በመጀመሪያው ፎቶ ዳሌዬና አከርካሪዬ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር። ኪኒን ጀመርኩ። ከወራት በኋላ ሁለተኛውን ሲያነሱኝ ጥቁሩ በዝቷል፤ ጎድኔ ላይም አዲስ ወጥቷል።

ሐኪሙ ብዙ አወራ። ጋሼ አጭር አድርጎ ተረጎመልኝ። «ደህና ነው። የሚጠገን አጥንትም ያጠቁራል ይላል።»

ክው አልኩ። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቁ የለም? «ትንሽ አሟቸዋል» ተብሎ የተጠራ ሰው የሚደርሰው ለቅሶ ቤት ነው።

«ጋሼ፣ በእናታችን፣ እውነቱን ንገረኝ። ክረምት ሊገባ ነው። መንገዱ ሳይዘጋ ልጄን አይቼ ልሙት።»

«ነገርኩሽ እኮ!» አለና ዓይኑን ሰበረ።

ያን ሌሊት ጓዜን አሰርኩ። ሲነጋ ግን ሐጃን አብረውኝ ሐኪሙ ዘንድ እንዲሄዱ ለመንኳቸው፤ እሳቸው ለእኔ ሲሉ ቃል አያሳምሩም። ሐኪሙን እንደ ሌባ መረመሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰውዬው አይዋሽም። ራሱም ገና አያውቅም። አጥንት ሲድን ያጠቁራል፣ በሽታ ሲበዛም ያጠቁራል። ሕመሙ ቀንሷል ወይ ይላል።»

«ቀንሷል» አልኩ። እውነት ነው፣ ዳሌዬ ሌሊት ሌሊት እኔን መቀስቀስ ትቷል።

«እንግዲያ ኪኒን ይውጣል፣ ሦስተኛ ፎቶ ይነሳል። አንቺ የሚሞት ከሆነ እኔ አልደብቅም ነበር። ወላሂ!»

በዚህ ቃል ጓዜን ፈታሁ። ፍርሃቱ ግን አልተፈታም፤ ዳሌዬን ትንሽ ቆንጠጥ ባደረገኝ ቁጥር ከኪኒኑና ከልጄ የቱን እንደመረጥኩ አስባለሁ። ክረምቱ ገባ፤ የኩርሙክ መንገድ ተዘጋ።

እናቴን በቀጠሮ አሶሳ ቴሌ አስጠራኋት።

«እማዬ፣ ፎቶው ጠቁሯል። ግን መዳንም ሊሆን ይችላል። ገና አልታወቀም።»

መስመሩ ብቻ ይንሿሿል።

«እሺ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «በርቺ።»

«እውነቴን ነው እማዬ! ምንም አልደበቅኩሽም።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ከአጠገቧ የማርታን ድምፅ ሰማሁ፤ «እናቴ ዳነች?» ትላለች።

«ድናለች» አለቻት እናቴ፣ ጋሼ እኔን «ደህና ነው» ባለበት ድምፅ።