ቶሎ የሚያልቀው ጎማ

ባለቤቴ ጎማ ሲገዛ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ስንት ክረምት ይቆያል? ከግብርና መሥሪያ ቤት ሾፌርነት ጡረታ ከወጣ በኋላ በገዛት አሮጌ ፒክአፕ የወለጋን የጠጠር መንገድ አዳርሶታል። ድንጋይ የማይበላው፣ ወፍራም ጥርስ ያለው ደረቅ ጎማ ካገኘ ደስ ይለዋል። እንዲህ ያለው ጎማ ዝናብ ሲጥል አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ይሸሻል። እሱ ግን «ቀስ ብሎ መንዳት ነው» ይል ነበር። ቀስ ብሎም ነዳ፤ አንድም ቀን ሳይገለበጥ አረጀ።

የታመመው በበጋ ነው። መጀመሪያ ምግብ አልረጋ አለው። ቀጥሎ ቀበቶውን በምስማር እየበሳ ማጥበቅ ጀመረ። ልጃችን ነርስ ናት፤ ከምንኖርበት ከነቀምቴ ወረድ ብሎ ኡኬ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሐኪም ዘንድ የወሰደችውም እሷ ናት። ሐኪሙ እሱን አልጋው ላይ ትቶ እኔንና ልጄን ወደ ኮሪደሩ ጠራንና ጉበቱ ላይ ያየውን ነገረን። ክረምቱን መጨረሱን እንደሚጠራጠርም አልደበቀንም።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው አይነገርም። ለቤተሰብ ይነገራል፤ ቤተሰቡ ተሸክሞት ይዞራል። ልጄ «እማዬ፣ ሕመሙ የእሱ ነው፤ ማወቅ ያለበት እሱ ነው» ብላኝ ነበር። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ግን «ከቀኑ በፊት ልትገድሉት ነው?» አላት። እኔም ከእሱ ጋር ሆንኩ። ስለዚህ ጨጓራ ነው አልነው። የታዘዘለትንም ክኒን የጨጓራ ነው እያልን ሰጠነው።

«ጨጓራ ነዋ» አለ። ሌላ አልጠየቀም።

ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ እቀበልና «ጨጓራ ነው ብለነዋል» እላለሁ። እነሱም ገብተው ስለ ጨጓራ ያወራሉ። አንዱ ተልባ፣ አንዱ ወተት ይመክረዋል። ሁሉንም «እሞክራለሁ» እያለ ያዳምጥ ነበር።

ሰኔ እንደገባ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አሥሮ ሳሎን ተቀምጦ አገኘሁት።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ጎማ እንገዛለን። ልጅቷን ጥሪያት።»

መንዳት ካቆመ ከርሟል። ፒክአፗን ልጃችን ሰኞ ወደ ኡኬ ይዛት ትወርዳለች፤ ዓርብ ይዛት ትመለሳለች።

«ሲሻልህ ትገዛለህ» አልኩት።

«ዝናቡ እስኪሻለኝ አይጠብቅም» አለ።

ጎማ የሚጠግነውና የሚሸጠው ሰው፣ ጎሚስታው፣ ሱቁ ባኬ ጃማ ሰፈር ነው። ወላጆቹ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ከነቀምቴ ራቅ ብሎ የሰፈሩ ናቸው። ከባለቤቴ ጋር ብዙ ዘመን ተጨቃጭቀዋል፤ በጭቅጭቁም ተወዳጅተዋል። መኪናችንን ሲያይ ጎማ የሚፈትሽበትን የውሃ ገንዳ ትቶ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መጣ።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ! ወላሂ እኔ ሌላ ጎሚስታ ያዙ ብዬ ተቀይሜ ነበር።»

«ካንተ የባሰ ሌባ ፈልጌ አጣሁ» አለው ባለቤቴ።

ሰውየው ሳቀ። ከዚያ ትንሽ ጠጋ ብሎ ፊቱን አየና ሳቁን ቶሎ ቆረጠ። በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠው። ምንም ሳይጠይቅም ወደ ውስጥ ገብቶ ያን ወፍራሙን፣ ደረቁን ጎማ እያንከባለለ መጣ።

«ይኸውልዎት ወዳጅዎ። የልጅ ልጅ ያሳድጋል።»

«መልሰው» አለ ባለቤቴ። «እርጥብ አስፋልት የሚይዘውን አምጣ።»

«እሱማ ለስላሳ ነው፣ ኦቦ። መያዙን ይይዛል፤ ግን እንደ ላጲስ ነው የሚያልቀው።»

«አምጣው።»

«ኧረ ታመው ነው እንዴ! ለጎማ ዕድሜ ሲሉ አንገቴን ሊያንቁኝ የሚደርሱት እርስዎ አይደሉም?»

ልጄ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ባለቤቴ ብቻ ሳቀ።

«ጨጓራ ነው አሉኝ» አለው።

ለስላሳው ጎማ መጣ። ከትልልቆቹ ቦዮች በተጨማሪ ጥርሱ ላይ በምላጭ የተሠነጠቀ የሚመስል ቀጫጭን መስመር ሞልቶበታል፤ ውሃው በዚያ እንደሚያመልጥ ባለቤቴ ለልጃችን አሳያት። የአውራ ጣቱን ጥፍር ላስቲኩ ላይ ተጫነው። ምልክቱ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«አንቺም ተጫኚው» አላት። እሷም ተጫነች። «እንዲህ ሲሆን መንገዱን ይጨብጣል። ጥፍርሽን ከመለሰው ተይው።»

የመጣለትን ሁሉ ግን አልተቀበለም። ጎኑ ላይ የተሠራበትን ዓመት የሚናገር ቁጥር አለ፤ መነጽሩን አድርጎ አነበበና አንዱን በእግሩ ገፋ አደረገው።

«ይሄ መጋዘን ውስጥ አርጅቷል። ደርቋል።»

«ኦቦ፣ ጥርሱን አይተውታል? መንገድ ነክቶ አያውቅም እኮ!»

«የእኔም ጥርስ አልወለቀም» አለው።

ጎሚስታው ሌላ ፈልጎ አመጣ። ሁለቱን አዲስ ከፊት አስረን ከአሮጌዎቹ ደህናዎቹን ወደ ኋላ እናድርግ አለ፤ እዚህ አገር ሁሉም የሚያደርገው ያንን ነው፤ ባለቤቴም ሲያደርግ የኖረው ያንን ነው።

«አራቱንም ቀይር። በዝናብ ቀድሞ የሚከዳው የኋላው ነው።»

«እንግዲህ ከሁለት ክረምት ካለፈ ምን አለ በሉኝ። ኋላ መጥተው እንዳይሰድቡኝ!»

«አልመጣም» አለው። «የምትነዳው እሷ ናት። ሲያልቅ ሌላ ትገዛለች።»

ይህን ያለው በተራ ድምፅ ነው። ጎሚስታው ክሪኩን ይዞ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እኔ ግን ከዚህ ሰው ጋር ዕድሜዬን ኖሬያለሁ። ጫማ ሲገዛ ሶሉን አጥፎ፣ ቆርቆሮ ሲገዛ በጣቱ አንኳኩቶ፣ ስንት ዓመት ይቆያል ሳይል ያመጣው ዕቃ ቤታችን ውስጥ የለም። ያን ቀን አልጠየቀም። ልጄን አየኋት፤ እሷም እያየችኝ ነበር።

ስንመለስ ጨለለቂ ሰፈር ሳንደርስ ዝናቡ ወረደ። እሱ ከፊት ከልጁ አጠገብ፣ እኔ ከኋላ ነኝ። አንገቱ ከኮቱ ኮሌታ ውስጥ ቀጥኖ ይታየኛል። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ፣ ከኋላ የሚመጣ እንደሌለ ዞሮ አየና «ፍሬን ያዢ» አላት።

«እዚህ? አባዬ፣ ውሃው እኮ ይፈሳል!»

«ስለሚፈስ ነው። የተኛ ሰው እንደምትቀሰቅሺ ቀስ አድርገሽ አትንኪው፤ ርገጪው።»

ረገጠችው። መኪናዋ ባለችበት ቆመች። ወደ ጎን እንኳ ሸርተት አላለችም።

«ያዘ» አለ። እንደገና፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ «ያዘ» አለና ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ያኔ የምለው ነገር ነበረኝ። ያልኩት ግን «መስኮቱ ይበርድሃል፣ ቀና በል» ነው።

ማታ ልጄ ጓዳ ተከትላኝ ገባች። «ያውቃል፣ እማዬ» አለችኝ። «ዝም በይ» አልኳት። እኛ እንዳይጨነቅ ዝም አልን። እሱም እንዳንጨነቅ ዝም ብሎን ይሆናል። ብቻውን ሆኖ ምን እንዳሰበ፣ የሚፈራው ነገር እንደነበር፣ ለእኔ የሚለው እንደነበረው አላውቅም። ክኒኑን ስሰጠው «የጨጓራው ነው?» ይለኛል፤ «አዎ» እላለሁ፤ ይውጠዋል። መስቀል ሳይደርስ ሞተ።

ጎሚስታው ስለ ጎማው አልተሳሳተም። ዘንድሮ ጥርሱ አለቀ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ልትቀይር ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ሰውየው በርጩማውን አውጥቶ፣ «አዮ፣ እናቴ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ከዚያ ጎማ ሊያወጣ ገባ።

«ስሚ» አልኳት ልጄን። «የእኔ ቀን ሲደርስ፣ ሐኪም የሚልሽን ለእኔ ንገሪኝ። ጨጓራ ነው እንዳትይኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ጎሚስታው ጎማውን እያንከባለለ መጥቶ ፊታችን አቆመው። እሷም ጎንበስ አለችና ጥፍሯን ላስቲኩ ላይ ተጫነችው፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም እጇን አላነሳችም።